ማንም ያልቀደመበት ውሳኔ

አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። እናቴ ራሷ የምነግራትን ግማሹን ቀንሳ ነው የምትሰማኝ። ቢሆንም ልናገረው፦ አራት የጎጃም ትልልቅ ሰዎች አንድ ጉዳይ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አንዱ አንዱን ሳይቀድም እኩል እንዲናገሩ ያደረግሁ ሰው እኔ ነኝ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ። ያውም በሬዲዮ።

አገራችንን የማያውቅ ሰው «ታዲያ ምኑ ይገርማል?» ይላል። የሚያውቅ ደግሞ «ወይ ውሸታም!» ብሎ ይሄን ጽሑፍ ይወረውረዋል። ሁለታችሁም ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ ድሮ ሬዲዮ እጠግን ነበር። አሁን ሬዲዮ ውስጥ ገብቼ እለፈልፋለሁ። ውጪውን ጠግኜ ስጨርስ ውስጡ ቀረኝ መሰለኝ። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ደጃፉ ነው የቀረበት። መጠየቅን የተማርሁት ከደንበኞቼ ነው። ሬዲዮ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሁሉ «ዝም ብሎ ነው የቆመው» ይላል። እየጠየቅህ፣ እየጠየቅህ፣ ሻይ እያጠጣህ ስትሄድ ነው ልጁ ሾርባ እንደደፋበት የሚወጣው። የድርጅት ባለቤትም እንደዚያው ነው። ጥያቄውን ቀስ አድርገህ ስትፈታለት ሾርባው ይወጣል።

እሑድ እሑድ ከሰዓት ፕሮግራም አለኝ። ነጋዴውን፣ የፋብሪካ ባለቤቱን፣ የሆቴል ባለቤቱን አቀርብና «ምን አዲስ ማሽን አስገባችሁ? ማን ወሰነ? እንዴት ወሰናችሁ?» እያልሁ አፋጥጣቸዋለሁ። አይ፣ ማፋጠጡን እንኳ ተውት። አንዱን የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ያናገርሁትን ስሙ።

«አዲሱን ወፍጮ ለመግዛት እንዴት ወሰናችሁ?»

«ተማክረን።»

«ከማን ጋር?»

«ከሰው ጋር።»

«ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው ማነው?»

«እግዜር።»

እግዜርን ስቱዲዮ ማስገባት ስለማይቻል ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍሁ። ያኔ ነው የገባኝ። እኛ አገር ሰው ማሽን አይፈራም፤ ውሳኔም አይፈራም። የሚፈራው መቅደምን ነው። «እኔ ነኝ ቀድሜ ያልሁት» ማለት ነውር ነው። በር ላይ፣ ማዕድ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በጊዮርጊስ እርስዎ!» ነው። አንዴ በክረምት የአንድ አክሲዮን ማኅበር የቦርድ አባላት ቢሯቸው በር ላይ ሲገባበዙ አየሁ። ሲለማመኑ፣ ሲማማሉ፣ ዝናቡ ቀድሟቸው ገባ።

ታሪኬ የእነዚሁ ሰዎች ነው። ማኅበሩ ከየሙያው የተሰባሰቡ ባለአክሲዮኖች የአውቶብስ ማኅበር ነው፤ መኪኖቹ ከማርቆስ አዲስ አበባ፣ ወደ ገጠር ከተሞቹም ይሠራሉ። ቦርዱ አራት ሰው ነው። ሥራ አስኪያጇ ደግሞ አንዲት ወጣት ሴት ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው ጥሩ ሥራ ይዛ ሳለ እናቷ ብቻቸውን ሲቀሩባት ጓዟን ጠቅልላ የመጣች። ስትቀጠር አንድ ነገር ይዛ ነው የመጣችው፦ ትኬት በስልክ እንሽጥ አለች። ተሳፋሪው ቤቱ ሆኖ ወንበሩን ይመርጣል፣ በስልኩ ይከፍላል፣ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ በር ላይ በጮቄ ተራራ ብርድ አይንቀጠቀጥም።

ሐሳቡን ቦርዱ ፊት አቀረበች። ቦርዱ «መልካም ነው፣ እንየው» አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ «እንየው»። በሚቀጥለውም «እንየው»። አንድ ዓመት ሙሉ ሲያዩት ከረሙ።

አንድ ሐሙስ ለፕሮግራሜ ላናግራት ቢሮዋ ብሄድ መጽሐፎቿን ካርቶን ውስጥ ትከታለች።

«ምን ሆንሽ እህቴ? ቤት ለቀቅሽ?»

«ሥራ ልለቅ ነው ጋሼ።» ቀና አላለችም። «የድሮ መሥሪያ ቤቴ ተመለሽ ብሎኛል። ሰኞ መልስ እሰጣለሁ ብያቸዋለሁ።»

«እናትሽስ?»

ያን ጊዜ ቀና አለች። «እናቴ አዲስ አበባ አትሄድም። ደብሯን ትታ፣ ጎረቤቷን ትታ የት ትሄዳለች? ትቻት ነው የምሄደው። ግን ምን ላድርግ? የኔ ሥራ እኮ ይሄ ሲስተም ነው። ካልገባ እዚህ የተበጠሰ የትኬት ጉራጅ ስሰበስብ ልኑር? እሑድ ስብሰባ አላቸው። እሑድም ‹እንየው› ካሉ፣ በቃ።»

«አይፈልጉትም ብለሽ ነው?»

«ቢፈልጉት አንድ ዓመት ዝም ይሉ ነበር?»

እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሬዲዮ ሁሉ ሞቷል ብዬ አላምንም። «እሑድ ፕሮግራሜ ከስብሰባችሁ ጋር ይገጥማል» አልኋት። «አራቱንም ላናግራቸው።»

«ይልቅ ድንጋይ አናግር» አለችኝ። ሳቅ ብላ ግን ነው።

የመጀመሪያዋ ሉማሜ ከተማ ያሉት እትዬ ናቸው። ባለሆቴል ናቸው፤ አውቶብሶቹ ቁርስ የሚያቆሙት እሳቸው ደጅ ነው። አርብ በማለዳ ሄድሁ። ማይኬን ስዘረጋ አንድ እጃቸው ሽሮ ያማስላል።

«እትዬ፣ ትኬት በስልክ ስለሚባለው ነገር ምን ያስባሉ?»

«ይግባ!» አሉ፣ ማማሰያውን ድስቱ ላይ ጧ አድርገው። «እኔን የሚገርመኝ እስከዛሬ አለመግባቱ። አሁን ስንት ሰው እንደሚመጣብኝ በምን አውቃለሁ? አንድ ቀን ሠርቼ ይተርፋል፣ አንድ ቀን መኪናው ሙሉ ሰው ይመጣና ባዶ ድስት አሳያለሁ። ከማርቆስ ሲነሱ ስልኬ ላይ ቁጥሩ ቢመጣልኝ...»

«ታዲያ ስብሰባ ላይ ለምን አልተናገሩም?»

ማማሰያው ቆመ። «እንዴ! ቁይ ያሉት ነጋዴ እያሉ? አበልጄ እኮ ናቸው! ልጄን ክርስትና ያነሱልኝን ሰው ቀድሜ ልናገር? ምን ሆነሃል አንተ? ይሄን ደግሞ ከሳቸው እንዳታስቀድመኝ። በልጄ!»

«ማንንም አላስቀድምም» ብዬ ማልሁ። ይሄን መሐላ ያዙልኝ።

ከሉማሜ ወደ ቁይ። ባለእህሉ ነጋዴ መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው የጤፍ ጆንያ ያስጭናሉ። ትንፋሽ ስወስድ እንኳ አልጠበቁኝም።

«ስለ ስልክ ትኬቱ ከሆነ የመጣኸው፣ እንግዲህ ይግባ! እኔ እህል ለመሸጥ ሰው አዲስ አበባ እልካለሁ። ልጁ ትኬት አጥቶ ማርቆስ አድሮ ሲመለስ ገበያው ይዘጋል። ይግባ ብያለሁ።»

«ለማን አሉ?»

«ላንተ ነዋ!»

«ለቦርዱስ?»

ወደ ጆንያዎቹ ዞሩ። «መምህር እያሉ? ልጆቼን ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ሐሳባቸውን ሳይሰጡ እኔ ነጋዴው ስለ ቴክኖሎጂ ላውራ? ይሳቅብኝ? ስማ ወንድሜ፣ ከመምህር እንዳታስቀድመኝ።»

«ማንንም አላስቀድምም።»

አንዱ ቢሆን አጋጣሚ ነው። ሁለት ሲሆን ሾርባው መሽተት ይጀምራል። በመጣሁበት አውቶብስ እየተንገጫገጭሁ ማርቆስ ገባሁና በቀጥታ ጡረታ የወጡት መምህር ቤት ሄድሁ። አጥራቸው ሥር ጌሾ ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ሦስት ጊዜ ሳሉና፣ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ስለ ዓለም የትራንስፖርት ታሪክ ከፈረስ ጀምሮ አስረዱኝ። ባቡር ላይ ሲደርሱ አቋረጥኋቸው።

«መምህር፣ የኛው አውቶብስ ላይ እንምጣ። ሲስተሙ ይግባ ወይስ አይግባ?»

«እህህ... ይግባ እንጂ። ዘመኑን ማን ያቆመዋል?»

«ለምን አይናገሩም ታዲያ?»

«ሊቀመንበሩ በዕድሜ ታላቄ ናቸው። እሳቸው ወንበሩን ይዘው ዝም ሲሉ እኔ ጣልቃ ብገባ ምን ይባላል? የተማረ ሰው ደፋር ነው ይባላል። ይሄን ቃሌን ከሳቸው አስቀድመህ ብታሰማ አኮርፍሃለሁ።»

«ማንንም!» አልሁ እየሮጥሁ።

ሊቀመንበሩ ቢሯቸው መናኸሪያ ውስጥ የቆመው አሮጌ አውቶብሳቸው የሾፌር ወንበር ነው። አርባ ዓመት ያህል ነድተዋል፤ ዛሬም ሰው የሚያነጋግሩት መሪ ይዘው ነው። እኔ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አውቶብሱ ባይንቀሳቀስም ገደሉ የሚታየኝ ያህል ፈራሁ፤ የመጨረሻዋ ተስፋ እሳቸው ናቸዋ።

«አባባ፣ ለርስዎ ቴክኖሎጂ ምንድን ነው?»

«ፍሬን» አሉኝ።

«እንዴት?»

«መሄድማ ሞተር ካለ ማንም ይሄዳል። ማቆም ነው ብልሃቱ። አዲስ ነገር አምጥተህ የት ላይ እንደምታቆመው ካላወቅህ አባይ በረሃ ነው የምትገባው። እኔ ያቺን ልጅ አንድ ነገር ብቻ ጠይቄያታለሁ። የፊት ወንበር ለእርጉዝና ላቅመ ደካማ ነው፣ በስልኬ ይዤዋለሁ ብሎ ጎረምሳ እንዳይቀመጥበት አልኋት። መቆለፍ ይቻላል አለችኝ። ቆልፋ ደግሞ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ቀረኝ?»

«ስለዚህ?»

«ይ...ግ...ባ!» አሉ፣ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ።

ከወንበሬ ብድግ አልሁ። «እና አባባ፣ ሊቀመንበር እርስዎ! አንድ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉ?»

ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። «አንተ ለፍላፊ፣ እኔ ቀድሜ ‹ይግባ› ብል ማን ‹አይግባ› ይለኛል? ዕድሜዬን አክብረው ‹እሺ አባባ› ይሉኛል። ከዚያ ወጥተው ያሙኛል። እኔ የአክብሮት እሺ አልፈልግም። ስለዚህ በዕድሜ የምታንሰው ትናገር፣ የሉማሜዋ፤ እሷ ፈርታኝ ሳይሆን አምናበት ትናገር። ከዚያ እኔ እከተላለሁ። ሬዲዮህም ላይ ከሷ እንዳታስቀድመኝ።»

ከአውቶብሱ ስወርድ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም። አያችሁት? እትዬ ነጋዴውን ይጠብቃሉ፣ ነጋዴው መምህርን፣ መምህር ሊቀመንበሩን፣ ሊቀመንበሩ እትዬን። አራት ሰው ክብ ሠርቶ አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ ቆሟል። ሁሉም ይፈልጋል፣ ሁሉም ሌላው ይቅደም ብሏል። ልጅቱ ደግሞ ዝምታውን እምቢታ ብላ ካርቶን ታስራለች።

በዚህ ላይ የኔ ነገር አለ። ሁሉም ቃለ ምልልስ እጄ ላይ ነው፣ አንዱንም ማስቀደም አልችልም። እትዬን ባስቀድም በልጃቸው አስምለውኛል። መምህርን ባስቀድም ማኩረፋቸው ነው፣ እሳቸው ሲያኮርፉ ደግሞ ከፈረስ ጀምረው ነው። ሌላ ጋዜጠኛ ቢሆን ፕሮግራሙን ሰርዞ ሙዚቃ ይለቅ ነበር። የተማረ ስለሆነ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የድሮዋ የጥገና ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳሰላስል፣ ከደብሩ በኩል የካህናቱ ዜማ መጣ። መቋሚያው እኩል ይነሳል፣ ድምፁ እኩል ይወጣል። ማን ቀደመ? ማንም። ከመቀመጫዬ ዘለልሁ። ጎረቤቴ ኮረንቲ የያዘኝ መስሎት ቆጣሪውን ሊያጠፋ ሮጠ።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን አባይን በእግር መሻገር ነው። ሁሉም «ይግባ» ብለዋል አይደል? አራቱን «ይግባ» ቆርጬ አንዱን ባንዱ ላይ እደርባለሁ፤ ባንድ አፍታ ይጀምራሉ፣ ባንድ አፍታ ያልቃሉ። ማንም ማንንም አይቀድምም። መሐላዬም አንድ ፊደል አይጎድልበትም።

ስልኬ ላይ ባለችው ድምፅ መቁረጫ ጀመርሁ። ወይ መከራ! የእትዬ «ይግባ» እንደ ጅራፍ ጯ ትላለች፣ ሳትጀምር አልቃለች። የአባባ «ይግባ» በአንደኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ ከባድ መኪና ነው። ነጋዴው ከፊቱ «እንግዲህ» አስገብተውበታል፤ እሷን ጣልሁ። መምህር ደግሞ ከ«ይግባ» በፊት ይስላሉ። ሳሉ ይቅር ወይስ ይግባ? ብዙ አሰብሁበት። ሳልም ቢሆን መቅደም ነው ብዬ ቆረጥሁት። የእትዬን ሳብ፣ የአባባን ጨመቅ፣ የነጋዴውን ገፋ፣ እንደገና። አንዱ በእንጥፍጣፊ ቢያመልጥ እንደገና። ሊመሽ ሲል አራቱም ባንድ ጉሮሮ የሚናገሩ መሰሉ። ብቻዬን ሱቁ ውስጥ አጨበጨብሁ። እስቲ ሌላ ማን ያጨበጭብልኛል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦርዱ ማኅበሩ ቢሮ ተሰበሰበ። ፕሮግራሙን ለጣቢያው ሰጥቼ፣ እኔ ትንሿን ሬዲዮዬን ብብቴ ሥር ይዤ ገባሁ። ማንም አልከለከለኝም። እያንዳንዱ ሌላው ምን እንዳለ ለመስማት ጓጉቷላ! ሥራ አስኪያጇ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ፊቷ ላይ ቁርጡን ያወቀ ሰው እርጋታ አለ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ድምፄ መጣ፦ «የአውቶብስ ማኅበሩን የቦርድ አባላት ትኬት በስልክ ይሸጥ ወይ ብለን ጠይቀን ነበር። መልሳቸው የሚከተለው ነው።»

ሁሉም አቀረቀሩ። መምህር ሳል ሊጀምራቸው ሲል አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ይግባ!»

አራት ድምፅ። አንድ ቃል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ የነዘረ መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ ቀና አሉ። «ማነው የቀደመው?»

«እኔ አይደለሁም» አሉ ነጋዴው ፈጥነው። «እርስዎ መሰሉኝ እኮ!»

«ኧረ በጊዮርጊስ!» አሉ ሊቀመንበሩ። «እኔስ እትዬን ነው የሰማሁት።»

«እኔን?» እትዬ ደረታቸውን ያዙ። «እኔ ከአበልጄ እኩል ነው የወጣሁት፤ አንድም ጋት አልቀደምሁ!»

መምህር እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ድገመው እስቲ።» ስልኬ ላይ ስለነበረ ደገምሁት። ጆሯቸውን ለጥፈው፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። እንደገና አሉ። እንደገና ሰሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ፈረዱ፦ «እኩል ናችሁ። እኔም አለሁበት።»

ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንን ስንጠብቅ ነበር?»

«አበልጄን!» አሉ እትዬ።

«መምህርን!» ነጋዴው።

«እርስዎን!» መምህር።

ሊቀመንበሩ ወደ እትዬ ጣታቸውን ቀሰሩ። «እኔ ደግሞ አንቺን!»

ሳቁ ከዚያ በኋላ የት እንዳደረሰን አልነግራችሁም። ነጋዴው ወንበር ጨብጠው ነው የዳኑት። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ልጄ፣ አገር የሰማው ነገር አይመለስም። ጻፊ።»

እሷ ግን እስክሪብቶ አላነሳችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ጥቂት ቆይታ ወደ ጠረጴዛው መጣችና ቃለ ጉባኤውን ከፈተች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ሐሳቡን ያቀረበው ማን ልበል? የደገፈውስ?»

እትዬ ነጋዴውን አዩ። ነጋዴው መምህርን። በቃ፣ ክቡ እንደገና ሊዞር ነው!

«ሬዲዮ አቀረበ!» ብዬ ጮህሁ። «አራቱም ደገፉ በይ!»

ልጅቱ ሊቀመንበሩን አየች። እሳቸው እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «የዚህን ለፍላፊ ስም ብቻ እንዳታገቢ፣ ጉራው አያስኖረንም» አሉ። እንደዚያው ተጻፈ። በአገሩ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ሐሳብ አቅርቦ በሙሉ ድምፅ የጸደቀለት የኔው ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ደረስሁ። ስልክ ይዛ ነበር። ከወዲያ በኩል አዲስ አበባዎቹ ብዙ ያወራሉ፤ እሷ ትሰማለች። መጨረሻ ላይ «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» አለች። ከዚያ ለእናቷ ደወለች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ በሩን ዘግታብኝ ነው። እልልታው ግን ከስልኩ አልፎ፣ ከበሩ አልፎ ኮሪደሩ ላይ መጣልኝ።

አሁን ትኬቱ በስልክ ነው። የፊት ወንበርም ተቆልፏል፤ ጎረምሳ ቢሞክር አይከፍትም።

አታምኑኝም አይደል? ጥሩ። ስልካችሁን አውጡና ትኬት ቁረጡ፣ ኑ። ሉማሜ ላይ ውረዱና እትዬን ጠይቁ፤ ሽሮ ሳያበሉ እንደማይለቋችሁ ግን ከወዲሁ እወቁት። ቁይ ሂዱ፣ ነጋዴውን ጆንያ ሲያስጭኑ ያዟቸው። መምህርን ጠይቁ፤ ከፈረስ ከጀመሩ ግን በኔ አታማርሩ። መናኸሪያ ገብታችሁ አሮጌው አውቶብስ ላይ ውጡና አባባን ጠይቁ። እነሱም ካላረኳችሁ የልጅቱን እናት ጠይቁ፤ ደብሩ አጠገብ ያለው ቤት ነው፣ ልጃቸው ማታ ማታ የምትገባበት። እሳቸው «ያ ጉረኛ አንድ ቃል እንኳ ዋሸ» ካሉ፣ እኔ ማይኬን ሸጬ ወደ ጥገናዬ እመለሳለሁ። ሂዱ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?